የሁሉንም ጽፈህ የእኔን የተውካት መስመር

ይድረስ ለጌታሁን፣ ለእኔው ጌቴ፤

እንደምን አለህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ አይመጣም። ሙት ዓመትህ ካለፈ ወራት ተቆጠሩ፣ እኔ ግን አሁንም እንዳኮረፍኩህ ነኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ በሆዴ የያዝኩት ነገር አለ።

የካርቱም ሰፈራችን ዴም እንደ ነበረች ናት። ሱቅህን አልዘጋሁትም። ረሲድ፣ የስልክ ሂሳብ፣ እሞላለሁ፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረውን የስፌት መኪናዬን ወደ ፊት አውጥቼ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አድርጌዋለሁ። የጣሪያው ማራገቢያ አንተ ካረፍክ ወዲህ እያጓራ ነው የሚዞረው፣ እንዳንተ አድርጎ የሚጠግነው አላገኘሁም። በሰው ቤት የሚሠሩት ያገራችን ልጆችም ዓርብ ዓርብ መምጣት አልተዉም። ማዳሞቻቸው የሚለቋቸው ያን ቀን አይደል፤ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከአል-ማንሺያ በራክሻ ባጃጅ ተጨናንቀው ይመጣሉ።

እነሱን ሳይ ነው ቅናቴ የሚነሳብኝ። ፌስቡክ ስትከፍትላቸው፣ ከፎቶው ሥር የምትገባዋን ስለ ራስ የምትናገረውን መስመር አንተ ነበርክ የምትጽፍላቸው። ሲመጡ ሁሉም “ሕይወት አጭር ናት” ብለህ ጻፍልን ይሉሃል። አንተ እሺ አትልም፤ ይህ የማንም ነው፣ ያንቺ አይደለም ትላለህ። አጭር ይሁን፣ እውነት ይሁን፣ የምትሠሪበት ቤት አይጠቀስ ትላለህ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠህ፣ ከሰፈርሽ ብትጠፊ ጎረቤት ምንሽ ይናፍቀዋል ብለህ ትጠይቃለህ። ሰናይትን መቼም አትረሳትም። የምኖረው ሮም ነው ብላ ጽፋ፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ ላኪልን እያሉ መድረሻ ያሳጧት ልጅ ናት። ሮምን አስጠፍተህ “ካርቱም ነኝ። ስስቅ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል” ብለህ ጻፍክላት።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የአባያ ጫፍ እያሳጠርኩ ሁሉን እሰማ ነበር። አንዷ ስለ እናቷ ስታወራህ፣ ሌላዋ ስትስቅልህ፣ አንተም ረጋ ብለህ ስታዳምጣቸው አንጀቴ ይቃጠላል። ለእኔ እንዲያ ረጋ ያልክበትን ቀን ባስብ አይመጣልኝም። ጥያቄህን እየሰማሁ በሆዴ እኔም እመልስልህ ነበር፤ አንተ ግን ዞር ብለህ አንቺስ አላልከኝም። አንዴ ደፍሬ የእኔንስ መቼ ነው የምትጽፈው ብልህ ኢንሻላህ ብለህ ሳቅክ። ያንተን ኢንሻላህ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ላታደርገው ያሰብከውን ሁሉ በእሱ ነበር የምታልፈው። ያን ቀን እራትህን አቅርቤልህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ከቀብርህ በኋላ ሰዉ ስላንተ የጻፈውን እንዳነብ ብላ ሰናይት ለእኔም ፌስቡክ ከፈተችልኝ። ገጽህን ባይ ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ ነፍስ ይማር ይልሃል። አንድ በአንድ ገባሁባቸው። በእያንዳንዷ ፎቶ ሥር ያንተ መስመር አለ። ደሜ ፈላ። በዚያ ወባ ስትንቀጠቀጥ ግንባርህን የያዝኩት እኔ፣ ቃልህን የወረሱት እነሱ። የእኔ ፎቶ ሥር ባዶ ነው።

ባለፈው ዓርብ ሰናይት አዲስ የመጣች ጓደኛዋን ይዛ መጣችና መስመር ጻፊላት አለችኝ። ባለቤቴ ለእኔ እንኳ አልጻፈልኝም ብዬ ጮህኩባት። ሰናይት ደንግጣ አየችኝና የደበቀችውን አወጣችው። ለካ እሷም የሚስትህንስ ለምን አትጽፍም ብላ ጠይቃህ ኖሯል። የዘኔን ብጽፍ ማንም አላፊ አግዳሚ ያነባታል፣ እኔ ያወቅሁትን ሌላ ሰው እንዲያውቅ አልፈልግም፣ ቀናተኛ ነኝ ብለሃታል። ለእኔ እንዳትነግረኝም አስምለሃታል።

አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ያን ሁሉ ዘመን የምቀናው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ መልሼ ደግሞ ሳቅሁ። ግን እንዳይመስልህ፣ ገና አልታረቅሁህም። ለእኔ መንገር የነበረብህን ለሰናይት ነግረህ መሄድህ ራሱ ያንገበግበኛል።

ለአዲሷ ልጅ ጥያቄህን ጠይቄ ጻፍኩላት። ማታ ሱቁን ስዘጋ ራሴንም ጠየቅሁና አንድ መስመር ጻፍኩ፤ አጭር ናት፣ እውነት ናት። ሰናይት ባሳየችኝ መንገድ ከእኔ በቀር ማንም እንዳያያት አድርጌ ዘጋኋት። ለእሷም አላነበብኩላትም። አንተ ያልፈለግከውን አላደርግም።

ስመጣ በቃሌ እነግርሃለሁ። እስከዚያ በየዓርቡ ጥያቄህ ከዚህ ሱቅ አይጠፋም፣ ስምህም ከአፌ አይወርድም። አንተ ብቻ እዚያ ለማንም እንዳትጽፍ።

ያንተው ዘኔ