የተጠየቅኸው ያንተን ቃል ነበር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጠላትን አብረውን የሚወጉት የውጭ አገር ወዳጆቻችን በግቢያቸው ቤት እንደሰጡህ፣ እማዬንም ይዤ እንድገባ የላክህብኝን መልእክት ሰምቻለሁ። ውሃውም መብራቱም አይቋረጥም አሉ።

መንግሥቱ የተገለበጠ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ትከሻቸውን ተመትተው እኛ ሆስፒታል መጡ። ዋናው ሐኪም ኤክስሬይ ክፍል ደበቋቸው፤ ቁስላቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን አልወዳቸውም ነበር። ግትር ነበሩ፤ ሰው አይሰሙም። ያም ሆኖ እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ሸጉጠው፣ "ልጄ፣ ግንባሩስ እንዴት ሆነ?" ሲሉኝ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው።

ከዚያ የወዳጆቻችንን ኮሎኔል ይዘህ መጣህ። ሳይህ ተመስገን አልኩ። እሱ ተናገረ፣ አንተ ተረጎምክ፦ "አውሮፕላን ተዘጋጅቷል። መንግሥታችን ለሕይወትዎ ዋስ ነው።"

ሽማግሌው ኮሎኔሉን ትተው አንተን አዩ። "የእሱን ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ?"

"ይውጡ፤ ምንም አይደርስብዎትም" አልካቸው።

ወጡ። የጫማቸውን ክር እንኳ አላሰሩም። መንግሥቱን የገለበጡት መኮንኖች አምቡላንስ መግቢያው ላይ ይጠብቁ ነበር፤ አጥሩ ጥግ ወስደው ረሸኗቸው። ኮሎኔሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። አንተ በሩን ከፈትክለት።

በማግስቱ ስጠይቅህ፣ "እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ያሉትን ነው ያልኩት" አልከኝ። ውሸትህን ነው። ሰውየው የጠየቁህ ያንተን ቃል ነበር። "ወዳጆቻችን ከመኮንኖቹ ጋር ሲዶልቱስ ያስተረጎምክላቸው አንተ ነህ?" ብዬ ሳፋጥጥህ መሬት መሬት እያየህ፣ "ጦርነቱን ለማሸነፍ ሲባል ነው" አልክ።

ጦርነቱ ይኸውልህ። አዛዦቹ ሥልጣን ሊቀራመቱ ግንባሩን ጥለው ከተማ ገቡ፤ ወታደሩ ያለ አለቃ ቀረ። ኮሪደሩ ሞልቶ ቁስለኛ ደረጃ ላይ እናስተኛለን። ወዳጆቻችን ደግሞ በሬዲዮ "የውስጥ ጉዳያቸው ነው" ይላሉ።

ትናንት ኮሎኔሉ ብስኩት አስይዞ ቁስለኛ ሊጠይቅ መጣ። እጁን ዘረጋልኝ። ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩ። አለቃዬ በኋላ ተቆጣችኝ፤ ትቆጣ።

ያንተ ቤት ይቅርብን። እማዬ ግን ትናፍቅሃለች። ያደረግከውን አልነገርኳትም፤ ራስህ ንገራት። በሩ ክፍት ነው። የምትመጣበትን ቀን ብቻ አስቀድመህ ላክብኝ፤ እንዳንገናኝ ያን ቀን ሆስፒታል ተረኛ እሆናለሁ።

ከእማዬ ጋር የቀረችው እህትህ