ከልስኑ ስር ያለው ስምህ

ይድረስ ለጓደኛዬ ለቱንቢ፣

ይኸውልህ፣ ግብጽ መጥቼ ጎብጬ ጎብጬ የፒራሚዱ ሆድ ውስጥ ገባሁ። ወገቤን አትጠይቀኝ። አብረውኝ የገቡት ቱሪስቶች ክርክር ይዘዋል፤ አንዱ መቃብር ነው ይላል፣ አንዷ የኮከብ መመልከቻ፣ ሌላው እንደኛ ሳይት ኤሌክትሪሺያን የኃይል ማመንጫ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ባንድ ዓይኔ ቀጥ ማለቱን አያለሁ።

አስጎብኚዋ አይታኝ "ግንበኛ ነህ እንዴ?" አለችኝ።

"ለሳኝ ነኝ፤ ግንበኛው ጓደኛዬ ነው" አልኳት።

ሳቀችና፣ ከክፍሉ ጣሪያ በላይ፣ ሰው በማያየው ድንጋይ ላይ ሠራተኞቹ በቀይ ቀለም የጻፉት የቡድናቸው ስም ተገኝቷል አለችን።

ብቻዬን በሳቅ ፈነዳሁ። አንተም ግድግዳ በጨረስክ ቁጥር ስምህን በቀይ እርሳስ ትጽፋለህ፤ እኔ "ማን ሊያነበው?" እያልኩ እለስንበታለሁ። ይኸው የነሱ ተነበበ። ፒራሚዱ ለምን እንደተሠራ አሁንም አልገባኝም፤ የሠሩት ግን የኛው ቢጤዎች ናቸው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀ። እናትህን ሳምልኝ፣ ሚስትህንና ትንሿን ልጅህንም። የጀመርከውን የደረጃ ግድግዳ ስትጨርስ ከስምህ ጎን ለኔም ቦታ ተውልኝ፤ መጥቼ ሳልጽፍ ማንም እንዳይለስነው።