ከሶፍትዌር ውስጥ ስለጠፋው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃችን

ለፀሐይ ኃይል ማመንጫው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። ሳንባዎን ለምን ለይቼ እንዳነሳሁ ወደ ታች ሲደርሱ ይረዱታል። እኔ ማመንጫው ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ በሶፍትዌር እያሰላሁ ሪፖርት የማቀርብልዎ፣ በስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠፋብዎት «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ» የሚሉኝ የአርባ ስድስት ዓመት ሠራተኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራቱ መልስ ስላላገኙ ነው፤ ሥራ በዝቶብዎት እንጂ ንቀውኝ እንዳልሆነ አልጠራጠርም።

ኃይል የምናቀርብለት ሆስፒታል አሮጌ ጄኔሬተር ሰኞ ጠዋት ተነቅሎ እንዲወሰድ አዝዘዋል። ትእዛዙ የተመሠረተው ቀን ከፓኔሎቹ የሚሞላው የእኛ ባትሪ ሌሊቱን ሆስፒታሉን እስኪነጋ ያደርሰዋል በሚለው ሪፖርት ላይ ነው። ሪፖርቱ ውሸት ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደተጻፈ ከምስጋና ጋር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የዛሬ አምስት ወር ሶፍትዌሩ የሚተነብየውና ቆጣሪው የሚያሳየው አልገናኝ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ የሚመነጨው ኃይል ከተገመተው በሲሶ ሲያንስ፣ ጊዜ ሳያጠፉ አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሶፍትዌሩ ታሟል ብሎ ስለደመደመ በሽተኛውን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መረመርኩት። የፀሐዩን መረጃ ከሌላ ምንጭ ጋር አመሳከርኩ፤ ሰዓቱ ተዛብቶ እንደሆነ አየሁ፤ ፓኔሎቹ የዞሩበትን አቅጣጫና ያዘነበሉበትን ልክ አንድ በአንድ ለካሁ። አቧራ ነው ስለተባለም ሁለት ረድፍ በእጄ አጠብኩ። ጉድለቱ ንቅንቅ አላለም።

፪. የኮሚቴው አባላት ፀሐይ እንዳይመታቸው በማሰብ የመስክ ጉብኝቱ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲሆን ስለወሰኑ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ኃይሉ የሚወርደው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነበር። ስብሰባዎቹም ቢሆኑ በአዲሱ ባለ ስምንት ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይካሄዱ ስለነበር፣ ፀሐይዋ ስክሪኑን እንዳታደበዝዝ ወደ ፓኔሎቹ የሚያሳዩት መስኮቶች በሙሉ በመጋረጃ ይሸፈኑ ነበር።

፫. ፕላስቲክ ወንበራቸውን ከእጃቸው ስለማይለዩ ሁላችን ጋሼ ወንበር የምንላቸውን የጥበቃ ሠራተኛ ያውቋቸዋል፤ ማስጠንቀቂያ የጻፉባቸው እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ፓኔሎቹ መሃል ሲገቡ አይቼ፣ በዚህ ሐሩር እዚያ ምን ይሠራሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ ልጄ፣ ፎቁ ከቆመ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እዚያ አንጀት የሚያርስ ጥላ አለ፣ አንተም ወንበር ይዘህ ና አሉኝ። ሄጄ አየሁ። በምዕራብ በኩል የገተርነው የራሳችን ሕንፃ በፓኔሎቹ ላይ ተጋድሟል። ፓኔሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ጥቂቶቹ ጥላ ሲያርፍባቸው የመስመሩን ኃይል በሙሉ ይዘውት ይወርዳሉ። ሕንፃውን ሶፍትዌሩ ውስጥ ሳስገባው ስሌቱና ቆጣሪው ግጥም አሉ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ። ጋሼ ወንበር ግን ቦታቸውን ለቀው በመገኘታቸው ተቀጡ።

፬. ይህን ውጤት ይዤ ስመጣ ያሳዩኝን ትዕግሥት አልረሳውም። ሕንፃ ይመረቃል እንጂ ይከሰሳል እንዴ ብለው በለሆሳስ ገሠጹኝና ከሶፍትዌሩ እንዳወጣው አዘዙኝ። ስምንት ፎቅ በአንድ ጣት አፈረስኩ። ያም ሆኖ ባትሪው እስኪነጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ጎደለው። ያን ጊዜ የሆስፒታሉን የመሣሪያዎች ዝርዝር አስመጥተው መጨረሻ ላይ ያለው «ልዩ ልዩ» የሚለው እንዲቀነስ አዘዙ፤ ቁጥሩም ወዲያው አማረ። ልዩ ልዩ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቁም። እኔ አውቅ ነበር። አውቄ ቀነስኩት፤ ስለምፈራዎት።

፭. ልዩ ልዩ ማለት በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሦስት የኦክስጅን መሣሪያዎች ናቸው። መስኮቱ ጥግ ባለው ታላቅ እህቴ ትተነፍስበታለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባቄላ እየደረደረች መደመርና መቀነስ ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ መቀነሱ ምን ያህል እንደገባኝ ግን እስከ ትናንት ድረስ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጥላው ነገር መላ እስኪገኝለት ጄኔሬተሩ ባለበት ይቆይ። ሕንፃውም ሦስቱ መሣሪያዎችም የተመለሱበትን ትክክለኛ ስሌት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ አንድ ቅጂም ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሰጥቻለሁ። ከሥራ የሚያሰናብተኝን ደብዳቤ ሲፈርሙ መጋረጃውን ይክፈቱት፤ ብርሃን ይኖርዎታል።

በአንድ ጣት ፎቅ አፍርሶ በዚያው ጣት እህቱን የቀነሰ፣
እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥ አገልጋይዎ፣
የኮምፒውተሩ ልጅ

ግልባጭ፦ ለጋሼ ወንበር (በጥላው ሥር ይነበብላቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ልዩ ልዩ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍላት ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ፣ ሰውየውን አትስደበው፣ ባለ ወንበሩ ሽማግሌ ተቀምጠው አይደል ነገሩ የገባቸው፣ እሱም ሰኞ ማታ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ አለችኝ። ወንበር ተዘጋጅቶልዎታል። በትክክለኛው ስሌት ባትሪው የሚያልቀው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሪፖርቱን ይዘው ይምጡና እስኪነጋ እንደሚያደርሳት እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።