የሻጋታ ተመራማሪዋ ዶክተር ጀማነሽ በለጠ (1956–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ጀማነሽ በለጠ ከአባታቸው ከአቶ በለጠ ሸዋአየሁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ ተክሌ ታኅሣሥ 3 ቀን 1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ፣ ከጣሊያን ጊዜ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። በ1965 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሃብተአብ በሳንባ ምች ታሞ መድኃኒት ጀመረ። ሲሻለው ግን የቀረው ክኒን ለሌላ ጊዜ ተብሎ ተቀመጠ። በሽታው ተመልሶ ወሰደው።

በሠፈራቸው የጀመሩትን ትምህርት በመቀጠል በ1978 ዓ.ም. በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሻጋታ ባዮኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ቸሩ ወርቁ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዳግምንና ሩሐማን ወልደዋል።

የምርምራቸው ጉዳይ የሻጋታ ኢንዛይሞች ነበሩ። ሻጋታ አሚኖ አሲድ ሲሠራ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ላይሲን ሠርቶ ያድጋል፣ በሌላው ፔኒሲሊን ሠርቶ ባክቴሪያ ይገድላል። ላይሲን ሲበዛለት መድኃኒቱን መሥራት ይቀንሳል። ሁለተኛውን መንገድ የሚከፍተውን ኢንዛይም ለማጎልበትና አዲስ መድኃኒት ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙ። ሥራው አላለቀም።

በእድር ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው፣ «ቤታችሁ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ ለእኔ አምጡ፤ ለጎረቤት እንዳትሰጡ፤ በጅምር የሚተው መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል» ይሉ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዋቅጅራም፣ «ዶክተር ደግሞ የሰው ጓዳ መፈተሽ ጀመሩ እንዴ?» እያሉ ቤቱን ያስቁ ነበር። ክኒኑ ግን ከቤት ቤት መዞሩን አላቆመም።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ ዕቃ በማውጣት ላይ ሳሉ ቆርቆሮ ቀኝ እጃቸውን ቆረጣቸው። ቁስሉ አመረቀዘ። ከቁስሉ የተገኘው ባክቴሪያ በተኙበት ሆስፒታል ባሉት መድኃኒቶች ሁሉ የማይበገር ሆኖ ተገኘ። የምርመራውን ውጤት ራሳቸው አንብበው፣ «አውቀዋለሁ» ብቻ አሉ። ጎረቤቶች ከተበተኑበት እየመጡ፣ ከየቤታቸው የተረፈውን ክኒን በፍቅር በመሐረብ ቋጥረው አመጡላቸው። እርሳቸውም እየመረቁ ተቀበሉ፤ አንዱንም አልዋጡም። የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ባለቤታቸው አቶ ቸሩና ልጃቸው ሩሐማ ዛሬ በመካከላችን አሉ። የእናቱን ቁስል ሲያጥብ የነበረው ዳግም ግን አልተገኘም። በእጁ ቁስል ላይ ያው ባክቴሪያ ስለተገኘበት ሆስፒታል ተኝቷል፤ የእናቱንም ማረፍ ገና አልሰማም። ቤተሰቡ ወደ ድንኳኑ የምትመጡ ሁሉ ስለ ዳግም እንድትጸልዩ፣ የተረፈ ክኒን ግን ይዛችሁለት እንዳትሄዱ አደራ ይላል።

እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ልጃቸውን ለአባቱ ያቆይልን። አሜን።