አክስቴና ሃያ አራቱ ችካሎች

ጥር 9

ዛሬም ችካል ስተክል ዋልኩ። ሃያ አራት፣ ቀይ ጨርቅ አስሬባቸው። የዩራኒየም ማዕድኑ ሲከፈት የሚተርፈው ድንጋይ የሚከመርበት ቦታ ነው። አለቃዬ መሐንዲሱ "ደረቅ መሬት፣ ተስማሚ" ብሎ ፈርሟል። መነጽር ነው የምንለው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይፈልገዋል። ካርታውን ያነሣሁት እኔ ነኝ... ኮራሁ።

ምሳ ብቻዬን። ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት እኮ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ግን እዚህ ከተቀጠርኩ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። "የዚያን ድንጋይ አቧራ ይዘሽ ቤቴ አትገቢም" አለችኝ፣ አለቀ። ሦስት ወር ሆነ። ናፈቀችኝ።

ጥር 11

ችካሎቹ የሉም! አሉ እንጂ... ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ሄደዋል። በሰልፍ። መነጽር ከብት ነው አለ። ከብት ቀጥ ያለ መስመር ያውቃል እንዴ? መለስኳቸው።

ጥር 12

እንደገና ሄደዋል። እንደገና መለስኳቸው።

ጥር 15

ጠዋት ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አክስቴ! ችካሉን አቅፋ፣ እያንጎራጎረች። ስታየኝ ቅንጣት አልደነገጠችም። "ዝም ብለሽ ከምታዪኝ እነዚያን ሦስቱን ያዢልኝ።" ያዝኩላት! አለቃዬ ቢያየኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። በክረምት እኔ በተከልኩበት ቦታ ከሥር ውሃ ይወጣል፣ ወደ መንደሩ ምንጭ የሚወርደውም እሱ ነው አለች። ልጅ ሆና በእጇ ጭራ ጠጥታለች። "ሰብስባችሁ ነገራችሁን እንጂ መቼ ጠየቃችሁን?"

ካርታውን ያነሣሁት በበጋ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሆኜ... አፈርኩ።

ጥር 16

ለመነጽር ሁሉንም ነገርኩት። የአሮጊት ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። እዚያው አንድ ጉድጓድ አስቆፍር፣ ደረቅ ከሆነ ሥራዬን እለቃለሁ አልኩት። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው... ምን ነክቶኝ ነው?

ጥር 20

አራት ሜትር ላይ ውሃ! መነጽር ጭቃውን አየ። ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር መፈለግ ጀመረ።

የካቲት 6

ስብሰባ። ዛሬ ኩባንያው ጠየቀ፣ መንደሩ ተናገረ። ክምሩ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ያውም መጀመሪያ ተቆፍሮ ከታየ በኋላ። መንደሩ የመረጣቸው ሁለት ሰዎች የጨረር መለኪያ ይይዛሉ፤ ቁጥሩ ከልኩ ካለፈ ሥራው ይቆማል። መነጽር ተነሥቶ አክስቴን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። "ዓይንህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ በምን ታያለህ" አለችው። ሰው በሳቅ ሞተ።

ከሁለቱ አንዷ ማን እንደሆነች መጻፍ ያስፈልጋል?

እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም፤ ቤቴ ግቢ የሚል ቃልም የለም።

የካቲት 24

አክስቴ ሥልጠና ላይ ናት። መለኪያውን ያላስጠጋችበት ነገር የለም። ድስቱን፣ ዶሮዋን፣ የመነጽርን ራስ... የቤቷ ደጃፍ ድንጋይ ከቢሯችን ወለል በላይ አስቆጠረ! እንዲህ ያለ ድንጋይ ከተፈጥሮው ትንሽ ጨረር አለው፣ አይጎዳም ብሎ መነጽር አስረዳት። አላመነችውም። ሦስት ቀን ደጋግማ ለካች፣ ቁጥሩንም በደብተር ጻፈች አሉ።

መጋቢት 2

ከሥራ ስወጣ አስጠራችኝ። ሄድኩ። መለኪያውን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

እጅሽን አለች። ዘረጋሁ። ፀጉሬን ለካች፣ ልብሴን ለካች። ጫማዬ ጋ ስትደርስ ጠቅ ጠቅ አለ። ልቤም አብሮት። ቁጥሩን አነበበች፣ ደብተሯን ገልጣ አስተያየች። ደግማ ለካች።

"ከደጃፌ ድንጋይ ታንሻለሽ" አለች።

አምስት ወር ሙሉ...

"ምን ይገትርሻል? ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ። ግቢ።"

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።