የተዋሰው ካባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነውን የቅድመ አያቴን ፎቶ ላሳድስ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ትንሽ አይተውት ከመሳቢያ ሌላ ፎቶ አወጡ። ሰውየውን አላውቀውም። ካባው ግን ቅድመ አያቴ በፎቶው ላይ የለበሰው የእኛው ካባ ነው፤ ጎራዴውም ያው ነው።

«ያኔ ካባውን የሚያውሳቸው ፎቶ አንሺው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

አባዬ ካባው የሹመት ነው እያለ ነው ያሳደገን። ቤት ስገባ «ካባው ጥርት ብሎ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ወጥቷል» አልኩት። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቅዳሜ ፎቶውን ይዞ ታሪኩን ለልጆቼ ሊነግራቸው ነው።

እስከዛሬ ካባውን እንጂ የቅድመ አያቴን ፊት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ዛሬ አየሁት። ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው አይመስልም፤ ፈርቷል፤ ዓይኑ ቁርጥ የአባዬ ነው።