በቁሜ የተለቀሰልኝ ሙሾ

«አባቴን በልጅነቴ ጉና ላይ ቀብሬ ነው የመጣሁት፤ ከሌላ ዘፋኝ የሚለየኝ መለያዬም ይህ ሙሾ ነው።»

ልጄ ሙሉሐብት፣ ቀበርሁት ያልሽው አባትሽ ከደብረ ታቦር ሰላም ይልሻል፤ እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ። ኦስሎ ሆነሽ በዩቲዩብ የተናገርሽው ይህ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ተስፋነህ ሞተ» ሆኖ ጉና ድረስ ተሰምቶ፣ ማክሰኞ ዕለት ታላቅ እኅቴ ወርቅነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች በበቅሎ መጣች። በሩን የከፈትሁላት እኔ ነበርሁ። ቆማ አየችኝና «አንተ፣ ካልሞትህማ በቅሎዬን ውኃ አጠጣልኝ» አለችኝ። እናትሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ያለ አሳታሚ ብቻሽን ስለምትሠሪ ከሰው ለመለየት ምን ያህል እንደምትደክሚ አውቃለሁ። ለዚያ ብለሽ መዋሸትሽ ግን አናዶኛል። ይህን ልጽፍልሽ ዘፈኑን ደጋግሜ ሰማሁት፤ ንዴቴም ፍርሃት ሆነ። ስታስመስዪ ድምፅሽ ጥርት እንደሚል ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተሰበረ። ልቅሶው የእውነት ነው። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ታዲያ የምታለቅሺው ለማን ነው? እዚያ ምን ደረሰብሽ? እናትሽ አላስተዋለችም፤ እኔም አልነገርኋትም።

እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። በስልክ «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ። የሆነውን ሳትደብቂ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ መልስሽ ከጥር ዐሥር ሳያልፍ ይድረሰኝ።

አባትሽ ተስፋነህ